ኖት ማለት ቋጠሮ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ልጄ የመርከብ ቪዲዮ እያየ "እማ፣ 20 ኖት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብሎ አፋጠጠኝ፣ እኔ ባህር በቲቪ እንጂ በአይኔ አላየሁ። ኖት ቋጠሮ አይደል እንዴ?

መልስ፦ እህቴ ልክ ነሽ፣ ኖት የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው፣ ስሙ ግን የምር ቋጠሮ ነው! ድሮ መርከበኞች ጫፉ ላይ ጣውላ የታሰረበት ረጅም ገመድ ከመርከቧ ኋላ ይጥላሉ፣ ገመዱ በየ14 ሜትር ከምናምን ተቋጥሯል፣ ጣውላው ውሃው ላይ ቆሞ ሲቀር መርከቧ ስትሄድ ገመዱ ይተረተራል፣ አንዱ በአሸዋ ሰዓት 28 ሴኮንድ ሲጠብቅ ሌላው በእጁ መሀል የሚያልፉትን ቋጠሮዎች ይቆጥራል፣ 5 ካለፉ 5 ኖት፣ በቃ። (እጁ እንዴት እንደሚላጥ አስቢው።) አሁን 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ የልጅሽ 20 ኖት 37 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ፣ ባጃጅ ይቀድማታል በይው። "20 ኖት በሰዓት" ግን አይባልም፣ ሰዓቱ እዛው ውስጥ አለ። አብራሪዎችም ፍጥነት በኖት ነው የሚያወሩት።

ልጅሽ ስታርቦርድ ምንድን ነው ካለሽ ደግሞ የመርከቧ ቀኝ ነው፣ ድሮ መሪ መቅዘፊያው በዛ ጎን ስለነበር።