ከኋላዬ የመጣው ለምን ቀደመኝ? ስለ መንግሥት ሆስፒታል የጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። በመንግሥት ሆስፒታል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል፣ ቀጥሎ ማዋለጃ፣ አሁን ደግሞ ላይዘን ቢሮ። ላይዘን ምን እንደሆነ ታች ይመጣል። ባለፈው ሳምንት «ያልገባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የጠያቂ ስም አልጠራም፤ የምሠራበትንም ሆስፒታል አልናገርም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ድንገተኛ ክፍል ተቀምጬ፣ 3 ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ቀድሞኝ ገባ። ዘመድ ስላለው ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ 20 ሰው ልኮልኛል። ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ ያለው ሰው አልፎ አልፎ ሾልኮ እንደሚገባ አልክድም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የድንገተኛ ክፍል ወረፋ እንደ ታክሲ ሰልፍ አይደለም፤ በመምጣት ተራ አይሄድም። በር ላይ ያለችው ነርስ ትንፋሽዎን፣ የልብ ምትዎን፣ የደም ግፊትዎን፣ ሙቀትዎን ትለካለች። ቆመው መሄድ መቻልዎንና ንቃትዎን ታያለች። ከዚያ ቀለም ይሰጥዎታል።

ቀይ ከሆኑ አንድ ደቂቃም አይጠብቁም። ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ። አረንጓዴ እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህ እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ያለው ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ይራዘማል።

አንድ የሙያ ምስጢር ልንገራችሁ። እኛን የሚያስፈራን የሚጮኸው ሰው አይደለም። ለመጮህ ትንፋሽ አለው ማለት ነው። እናቱ ትከሻ ላይ ዝልፍልፍ ያለው ሕፃን ነው የሚያስደነግጠን። እናቲቱ አፍራ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ጮክ ያለው ደግሞ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ስለዚህ እየጠበቃችሁ ሳለ ነገሩ ከባሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውየው መልስ መስጠት ካቆመ፣ ተራችንን እንጠብቅ አትበሉ። ተነሱና ለነርሷ ንገሩ። እንደገና ትለካለች፤ ቀለሙም ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ያለ ሪፈር ወረቀት አንቀበልም አሉኝ። ግብር እየከፈልኩ ለምን ደስ ያለኝ ሆስፒታል አልታከምም?

መልስ፦ ቁጥሩን ልንገርዎትና ይፍረዱ። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ነው የሚሠራው። አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን። ስፔሻላይዝድ የሚባለው ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ጥቁር አንበሳ ቢሄድ፣ ለካንሰር ሕክምና ከሩቅ አገር የመጣው ሰው መቆሚያ አያገኝም። ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። እዚያ ካልተቻለ ወደ ሆስፒታል የሚልክዎትን የሪፈር ወረቀት ይጽፉልዎታል። ድንገተኛ ሕመምና ምጥ ግን ሪፈር አይጠየቁም። በር ላይ «ወረቀት አምጪ» የተባለች ምጥ የያዛት ሴት ካለች፣ ስህተቱ የበሩ ነው።

ጥያቄ፦ «አልጋ የለም» ሲሉ እውነት አልጋ የለም ማለት ነው? በመስኮት ባዶ አልጋ አይቻለሁ።

መልስ፦ አልጋ ስንል ብረቱንና ፍራሹን ብቻ አይደለም። ኦክስጅን ያለው አልጋ፣ ነርስ የተመደበለት አልጋ፣ ለጽኑ ሕሙማን ከሆነ ደግሞ የመተንፈሻ ማሽን ያለው አልጋ ማለታችን ነው። ያዩት ባዶ አልጋ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባ ሰው አልጋ ሊሆንም ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የላይዘን ሥራ የሚመጣው። ላይዘን ኦፊሰር የትኛው አልጋ እንደተያዘ፣ ማን ዛሬ እንደሚወጣ ይከታተላል። እኛ ጋ ቦታ ከሌለ ሌሎች ሆስፒታሎች ደውሎ ይለምናል። አዎ፣ ይለምናል ነው ያልኩት። አንዳንድ ማታ ጆሮዬ እስኪግል እደውላለሁ።

አጎቴን ያጣነው በዚህ ነው። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ከአንድ ሆስፒታል አልጋ የለም ተብሎ ተመለሰ፤ ቤተሰቡ በሚኒባስ ጭኖ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው። ማንም ቀድሞ አልደወለም። ሦስተኛው በር ላይ ሲደርሱ ትንፋሹ አልነበረም። ስለዚህ «ሌላ ቦታ ውሰዱት» ከተባላችሁ በገዛ እጃችሁ ታክሲ አትጥሩ። «ላይዘን ደውሎ አልጋ ያረጋግጥልን፣ የሪፈር ወረቀት ይጻፍልን፣ አምቡላንስ ይጠራልን» በሉ። ችክ በሉ። የተጀመረለት መድኃኒት ወረቀቱ ላይ መጻፉንም እዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ከሆነ የምትደውሉት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ 939 ደግሞ እሳትና ድንገተኛ አደጋ።

ጥያቄ፦ ነጻ የሆነው ምንድን ነው?

መልስ፦ ወሊድና የእርግዝና ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት። የኤችአይቪው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ለሌላው ሕክምና መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የሚጻፍ የነጻ ሕክምና ወረቀት አለ። ከመታመማችሁ በፊት ብትጨርሱት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጤና መድን ከፍለን፣ መድኃኒት ከውጭ ግዙ እንባላለን። ታዲያ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ንዴታችሁ ይገባኛል። ሆስፒታላችን ውስጥ መድኃኒት ሲያልቅ እኛም እናፍራለን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራ ነው የተጀመረው፤ ዛሬ በጣም ሰፍቷል፤ መድኃኒት የማቅረቡ ነገር ግን ወደ ኋላ ቀርቷል ባይ ነኝ። ማድረግ የምትችሉት ይኸውላችሁ። የመድኃኒት ቤቱን «የለም» ማኅተም አስመቱ። መድኑ ውል የገባበት ሌላ መድኃኒት ቤት ካለ ጠይቁ፤ በብዙ ከተሞች ከነማ ወይም ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ይኖራል። ደረሰኝ አትጣሉ። ደግሞ መድኑ የሚከፈለው በቤተሰብ ነው፤ የታመመውን ልጅ ብቻ ላስመዝግብ ማለት አይቻልም። ሪፈሩን ዘልሎ የመጣ አባልም ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ሳያውቁ የሚጣሉን ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 8 ወሯ ነው። እናቷ «እኛ ሁላችንም ቤት ነው የወለድነው፤ ሆስፒታል ገንፎ የለ፣ ማርያም ማርያም የሚል የለ» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ አይከራከሯቸው። እማማ የሚሉት ነገር እውነት አለበት። ለረጅም ጊዜ ማዋለጃችን ቀዝቃዛ ነበር። ሴቷን ብቻዋን አስገብተን፣ እናቷን ውጭ አስቁመን፣ «ግፊ» እያልን የምንጮህበት ቦታ። በአገሪቱ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ይህን አይተው ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ጀመሩ። ማዋለጃ ሳለሁ እኔም አገንፍቻለሁ፤ ቅቤው ከእጄ ላይ ሳይለቅ መርፌ የወጋሁበት ቀን አለ። ታጥቤ ነው፣ አትስጉ!

ከገጠር ሩቅ ለሆኑት ደግሞ የእናቶች ማቆያ አለ። ምጧ ሳይመጣ ቀደም ብላ መጥታ ግቢው ውስጥ ትቆያለች፤ ራሷ ታበስላለች፣ ከሌሎች ነፍሰ ጡሮች ጋር ታወራለች። ምጥ ሲመጣ ማዋለጃው 50 እርምጃ ነው።

ለእማማ የሚነግሯቸው ይህን ነው። ልጁ በሰላም ከወጣ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ አደጋው የሚመጣው። ደም። የእንግዴ ልጁ ዘግይቶ ወይም ማሕፀን አልኮማተር ብሎ ደም ከፈሰሰ፣ እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሄድ ትችላለች። ቤት ውስጥ ያንን የሚያቆም መርፌ የለም። ለዚህ ነው ከወለደች በኋላ 24 ሰዓት አትሂጂ የምንለው። እማማ ገንፎውን ይዘው ይምጡ፣ አብረዋት ይግቡ፤ እምቢ ካሏቸው ኃላፊዋን ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ፣ ጸበል ገባና አቆመ። ኃጢአት ነው ብሎ ያምናል።

መልስ፦ እኔም ጸበል እጠጣለሁ። ጸበሉን ተው አትበሉት፤ ከናንተም ከመድኃኒቱም ይሸሻል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ፣ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። የንስሐ አባቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። በሁለተኛው ወር ሳል ይጠፋል፣ ይወፍራል፣ «ድኛለሁ» ይላል። ጀርሙ ግን አልሞተም። ሲቋረጥ መድኃኒቱን ይለምድና ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳል። ዛሬውኑ ወደ ጀመረበት ይመለስ፤ ማንም አይቆጣውም። ቤት ውስጥ አብረውት ያደሩት ሁሉ ይመርመሩ፣ በተለይ ልጆች።

ጥያቄ፦ እውነቱን ልናገር። ሆስፒታል የታመመ ያክም። ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ስለ እጅ መታጠብ ማስተማር ምን አገባው? ወረፋችንን ነው የምታባክኑት።

መልስ፦ ትምህርቱ የሚሰጠው ካርድ እስኪወጣ በምትጠብቁበት ሰዓት ነው፤ ወረፋችሁን አንነካም። ግን ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ።

አንድ ልጅ ኩፍኝ ይዞት መጣ እንበል። እኛ ትኩሳቱን እናበርዳለን፣ ቫይታሚን ኤ እንሰጣለን። ሥራው አላለቀም። የመጣበትን ቀበሌ እንጽፋለን፣ በዚያው ቀን ለወረዳው ይደወላል። ይህ ስልክ ወረፋ የለውም። ወረዳው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይደውላል። ይህ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ነበር፤ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት የሠለጠኑ። እሷ ቤት ለቤት ትሄዳለች። የ9 ወሩን ወስዶ የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት የዘለለ ልጅ ማን እንደሆነ በስም ታውቃለች። እኔ አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም።

እሷ ያቺን የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ይዛ ትዞራለች። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። በጊዜ ካገኘችውና የምግብ ፍላጎቱ ካለ፣ በኦቾሎኒ የተሠራውን ፕላምፒነት የሚባል አልሚ ምግብ ይዞ ቤቱ ይድናል። ካላገኘችው፣ እብጠት ይዞ እኛ ጋ ይመጣል፤ ሳምንታት ይተኛል። ያቺ የሚተኛባት አልጋ፣ ለእናንተ «የለም» የተባለችው አልጋ ነች። ወረፋችን የሚያጥረው እሷ በምታንኳኳው በር ነው። ደመወዟና ጫማዋ ግን ሥራዋን አይመጥንም፤ ይህ የግል ሐሜቴ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ለኦፕራሲዮን ደም አምጡ ተባልን። ሆስፒታል ደም ይሸጣል እንዴ?

መልስ፦ አይሸጥም። ደም ባንክ ውስጥ ሲያንስ ዘመድ ይተካ ይባላል። ሙሉ ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ 35 ቀን ነው የሚቆየው፤ ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ። ለክፉ ቀን ብለን አከማችተን ማቆየት አንችልም። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትዎ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆኑ በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ነኝ። ወንድሜ ስኳር አለበት፣ ደሴ አካባቢ ገጠር ነው የሚኖረው። ኢንሱሊን በሻንጣ ልላክለት?

መልስ፦ አሳቢነትዎን አመሰግናለሁ፤ ግን ቀስ ይበሉ። የኢንሱሊን ዓይነት ብዙ ነው። እሱ የለመደውና እርስዎ የሚልኩት ከተለያየ፣ በአንድ መርፌ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጀመሪያ የሚከታተለው ሐኪም የጻፈውን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ሰው ይዞለት የሚመጣ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ የጭነት ሻንጣ ውስጥ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ፍሪጅ ከሌለው ደግሞ የአገራችን ዘዴ አለ። ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጎ፣ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ሸክላውን ጥላ ውስጥ ማኖር። ብዙ ሕሙማኖቻችን እንዲህ ነው የሚያቆዩት። ከመድኃኒቱ ይልቅ ምናልባት የስኳር መለኪያውን ከነመመርመሪያ ወረቀቱ ቢልኩለት ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ስንት አስታማሚ ይፈቀዳል?

መልስ፦ አብዛኛው ቦታ አንድ። እኔ አሥራ አንድ ሰው አንድ አልጋ ዙሪያ ቆሞ አይቻለሁ። ጠያቂነት ባህላችን ነው፣ ይከበር። ግን በሽተኛው እንዲተኛ ተዉት፤ ብርቱካኑን ለአስታማሚው ስጡና ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አትቀየሚኝና፣ ለምንድን ነው የምትቆጡን?

መልስ፦ አልቀየምም። እንቆጣለን። አንድ ነርስ ማታ ብዙ በሽተኛ ይዛ ታድራለች፤ ይህ ምክንያት እንጂ ሰበብ አይሆንም። አንድ ጊዜ ካርድ ጠፋባቸው ብዬ አንድ አባት ላይ ጮኽኩ። ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ካርዱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ የቱ ወረቀት እንደሆነ ግን አላወቁም። «ልጄ፣ ይሄ ነው?» ብለው አንድ በአንድ ሁሉንም አወጡልኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ራሴ ነው የምፈልገው።

የሚቆጣችሁ ካለ ስሙን ደረቱ ላይ አንብቡ፣ ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ጠይቁ። የአስተያየት ሳጥኑም ይከፈታል፤ እንዲያው ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም። ስሜን ሁለት ጊዜ አግኝቼበታለሁ። አንዱ ምስጋና ነበር።