የአየር ግራይንደሩ ብረት ሲነካ ለምን ይቆማል?

ደብረ ማርቆስ ላይ የሠራኸው በታመቀ አየር የሚሽከረከር የብረት መሞረጃ (ግራይንደር) ብረት ሲነካ የሚቆመው በአብዛኛው ግፊት ሳይሆን የአየር መጠን አንሶት ነው። ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) ከኮምፕሬሰሩ (ከአየር ማመቂያው) ነቅለህ ከግራይንደሩ መግቢያ አጠገብ ግጠመው። ብረት እየሞረድክ ግፊቱ ከ6 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ወደ 3 ከወረደ፣ ያነቀው ጠባቡ ቱቦ ነው። የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ አጭር ቱቦ ቀይርበት፤ የመገጣጠሚያዎቹም ቀዳዳ እንዳልጠበበ እይ።

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፕሬሰር ስትመርጥ ይህን አስበህ የሚሰጠው የአየር መጠን ከፍ ያለውን ውሰድ።

አደራህን፣ ጉድለቱን ግፊት በመጨመር አታካክሰው። የአየር ሞተር ጭነት ሲለቀው ፍጥነቱ ይተኮሳል። እኔ 8 ባር ላይ ስሞክር ዲስኩ ፈንድቶ ስባሪው የቆዳ ሽርጤን ቀዶታል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ልክ ግራይንደሩ ያለ ጭነት ከሚሽከረከርበት ፍጥነት መብለጥ አለበት፤ መከለያውንም ፈጽሞ አትፍታው።