ጥያቄና መልስ፦ ቴፑ ሳይነሳ ብሉቱዝ ማስገባት

ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን የመኪና ኤሌክትሪክ ጥያቄዎች ስድስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ ሌሎቹ ጠያቂዎችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ የ2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ቴፑ ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ነው፤ ሬዲዮና ሲዲ ብቻ አለው፣ የኦክስ (ከውጭ ድምፅ የሚገባበት) ቀዳዳ የለውም። ስልክ ሲደወልልኝ በእጄ ሳልይዝ በመኪናዋ ስፒከር ማናገር እፈልጋለሁ። ቴፑን አውጥቼ ስክሪን ላስገባ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? (ከማራኪ)

መልስ፦ ቴፑ ይቀመጥ። ስክሪኑ ሲገባ የዳሽቦርዱ ዙሪያ በደንብ አይገጥምም፣ የፋብሪካው ሶኬት ተቆርጦ ሽቦ በሽቦ ይታሰራል፣ ነገ ስክሪኑ ሲበላሽ ደግሞ መኪናዋ ቴፕም ሶኬትም አልባ ትቀራለች። ስልክ ለማናገር ብቻ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

የዚያ ዘመን የቶዮታ ቴፖች አብዛኞቹ ከጀርባቸው ለሲዲ ቼንጀር (ብዙ ሲዲ ይዞ እየቀያየረ ለሚያጫውት ተጨማሪ ዕቃ) የተተወ ባለ 12 ፒን ነጭ ሶኬት አላቸው። ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞው ፒኖቹ ሰፋ ያሉና 6 በ6 የተከፈሉ ናቸው፤ ከ2003 ገደማ ወዲህ የመጣው ደግሞ ቀጫጭንና 5 በ7 ነው። አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። የእርስዎ መኪና በሁለቱ መሸጋገሪያ ላይ ስላለች ቴፑን አውጥተው ጀርባውን ሳያዩ ዕቃ እንዳይገዙ።

ሶኬቱ ተገኘ ተብሎ የድምፅ ሽቦ እዚያ ላይ ቢሰኩ ቴፑ ዝም ይላል። መስመሩ ላይ ቼንጀር መኖሩን ካልተነገረው ያንን መግቢያ አይከፍተውም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ራሱን ቼንጀር አስመስሎ ለቴፑ የሚያወራ ትንሽ አዳፕተር ነው። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ «ብሉቱዝ» መባሉ አይበቃም። ብሉቱዝ ዘፈን የሚያስተላልፍበት መንገድ (ኤ2ዲፒ) እና ስልክ የሚያናግርበት መንገድ (ኤችኤፍፒ) ይለያያሉ። «ሃንድስ ፍሪ» ወይም ኤችኤፍፒ ካልተጻፈበት፣ የማይክ ቀዳዳም ከሌለው፣ ዘፈን ብቻ ነው የሚያጫውትልዎት።

ሥራው ከባትሪው ይጀምራል። የነጋቲቩን ገመድ በ10 ቁልፍ ፈትተው ኤርባጉ የያዘው ኃይል እስኪወጣ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ከዚያ በፊት ግን ቴፑ ባትሪ ሲነቀል የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅ ዓይነት እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ ከሌለ ተቆልፎ ይቀራል። የፊቱ ፕላስቲክ በክሊፕ ብቻ ስለተያዘ ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከአንድ ጥግ እየጀመሩ በቀስታ ይሳቡት። ከሥሩ ቴፑን የያዙት አብዛኛውን ጊዜ 4 የ10 ቡሎኖች ናቸው። ቡሎኖቹን ከመፍታትዎ በፊት ከታች ያለውን ክፍተት በጨርቅ ይድፈኑት፤ አንዷ ካመለጠች ዳሽቦርዱ ውስጥ ገብታ ከሽቦ ጋር ስትንኳኳ ትኖራለች።

አዳፕተሩ ኃይሉን ከዚያው ከነጩ ሶኬት የሚወስድ ከሆነ ምንም ሽቦ አይቆርጡም። የራሱ ቀይና ጥቁር ሽቦ ካለው ግን የቶዮታን ቀለሞች ማወቅ ያስፈልጋል፦ ግራጫው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት የሚመጣበት፣ ቢጫ መስመር ያለው ሰማያዊ ሁልጊዜ 12 ቮልት ያለበት፣ ቡናማው ማሳ (ወደ ነጋቲቩ የሚመለሰው መስመር) ነው። ቀዩን ከግራጫው ጋር፣ ጥቁሩን ከቡናማው ጋር ያገናኙ፤ በቀዩ መሐል 2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ከሰማያዊው ከወሰዱ መኪናዋ ስትቆምም ባትሪውን ይጠባል። 50 ሚሊ አምፔር ትንሽ ቢመስልም በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ መኪናዋ 10 ቀን ከቆመች 12 ይሆናል፣ ይህም ለባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሩብ በላይ ነው። ቀለሙን ብቻ አይመኑ። ከእርስዎ በፊት ስንት ኤሌክትሪሺያን እጁን እንዳስገባበት አይታወቅምና ባትሪውን ለጊዜው መልሰው፣ ቁልፉን እየከፈቱና እየዘጉ በቴስተር ይለኩ።

ሽቦ አጠማዞ በናስትሮ መጠቅለል ከሁሉም የባሰው ልማድ ነው። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ስትውል የዳሽቦርዱ ውስጥ ይግላል፤ የናስትሮው ሙጫ ይቀልጥና ጥቁር ማር መስሎ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ራቁቱን የቀረው መጋጠሚያ አንዴ ይነካል አንዴ ይለቃል። ብሉቱዙ «በራሱ ጊዜ ይጠፋል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በሊድ ይበየድ፣ በላዩ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይልበስ።

የቀረው ማይኩ ነው። ሰው ሁሉ ለአዳፕተሩ ተጨንቆ ማይኩን እንደ ነገሩ ይለጥፈዋል፤ ጥሪው የሚያምረውም የሚበላሸውም ግን እሱ ላይ ነው። ከአፍዎ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በፀሐይ መከላከያው አጠገብ ወይም በግራው የመስታወት ምሰሶ ላይኛው ጫፍ ይሁን። የአየር ማውጫው አጠገብ ከሆነ ንፋስ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ከመለጠፍዎ በፊት በናስትሮ ለጊዜው ይያዙት፤ ሞተሩን አስነስተው፣ መስኮት ዘግተው፣ ፋኑን 2 ላይ አድርገው ለአንድ ሰው ይደውሉ። ሦስት ቦታ እየቀያየሩ የቱ ጋ ድምፅዎ እንደሚጠራ ይንገርዎት። ምሰሶው ላይ «ኤስአርኤስ ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ካለ ገመዱ በኤርባጉ ፊት አይለፍ፤ ቢጫ ሶኬቶችንም አይንኩ።

ነጩ ሶኬት ከሌለስ? በቴፑና በስፒከሮቹ መሐል የሚሰካ የሃንድስ ፍሪ ኪት አለ። የራሱ ማጉያ ስላለው ጥሪ ሲመጣ የቴፑን ድምፅ ይቆርጥና ስልኩን በስፒከሮቹ ያሰማል። ለጥሪ ብቻ ከሆነ ከሁሉም የሚመረጠው እንዲያውም እሱ ነው። ከቶዮታ ሶኬት ጋር የሚገጥም ማገናኛ አብሮ መግዛትን ግን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ቪትዜ ላይ ኦክስ ስላለ ከፒያሳ ብሉቱዝ ሪሲቨር ገዝቼ ላይተሩ ላይ በዩኤስቢ ሰካሁት። ዘፈኑ ይሰማል፤ ግን ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር አብሮ የሚጨምር ፉጨት አለው። ዲናሞው ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዘዞ)

መልስ፦ የፉጨቱ ምንጭ ዲናሞው ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእሱ አይደለም። ሪሲቨሩ ማሳውን በላይተሩ በኩል ይወስዳል፣ ቴፑ በራሱ ሽቦ ይወስዳል፣ ሁለቱ ደግሞ በኦክሱ ገመድ እንደገና ይገናኛሉ። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለችው የጥቂት ሚሊ ቮልት ልዩነት በኦክሱ ገመድ ስትዞር ቴፑ ዘፈን መስላው አጉልቶ ያሰማታል።

ሪሲቨሩን ከላይተሩ ነቅለው በፓወር ባንክ ይሞክሩት። ፉጨቱ ከጠፋ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። ርካሹ በኦክሱ ገመድ መሐል የሚገባ የማሳ መለያ ነው፤ ውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ስላሉ ድምፁ ያልፋል፣ ማሳው ግን ይለያል። ቤዙን በጥቂቱ ያሳሳል፤ ለጥሪ አይታወቅም፣ ዘፈን ወዳድ ከሆኑ ግን ይሰማዎታል። ሁለተኛው የሪሲቨሩን ኃይል ከላይተሩ ትቶ ከቴፑ ጀርባ፣ ከራሱ ከቴፑ ማሳ ላይ መውሰድ ነው። ሦስተኛው በ5 ቮልቱ መስመር ላይ ቢ0505ኤስ የሚባለውን ትንሽ መለያ ኮንቬርተር ማስገባት ነው። ድምፁን አይነካም፤ ይሁንና 1 ዋት ስለሆነ የሚችለው 200 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ሪሲቨሩ የራሱን ባትሪ እየሞላ የሚሠራ ከሆነ አይበቃውም።

በፓወር ባንክም ካፏጨ፣ የኦክሱን ገመድ ጨርሶ ሲነቅሉትም ካላቆመ፣ ያኔ ዲናሞው ይታይ። ሞተሩ ወደ 2000 ዙር ላይ እያለ በባትሪው ላይ በቴስተር ይለኩ፦ በዲሲ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ጤናማ ነው፤ በኤሲ ደግሞ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ከዲናሞው ዳዮዶች አንዱ ሳይሞት አልቀረም።

ጥያቄ፦ እኔ ሰዎቹን በደንብ እሰማቸዋለሁ። እነሱ ግን የራሳቸው ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ እየተመለሰ ያስቸግራቸዋል። (ከጎንደር፣ ቀሃ አካባቢ)

መልስ፦ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ማይኩ ውስጥ ተመልሶ እየገባ ነው። መሣሪያው ይህን የሚያጠፋ ሥራ በውስጡ አለው፤ የሚያጠፋው ግን ራሱ የላከውን ድምፅ ከማይኩ ከሚሰማው ጋር እያመሳከረ ነው። ቴፑ ከመጠን በላይ አጉልቶ ሲያዛባው ማመሳከሪያው ይሳሳትበታል። የስልኩን ድምፅ ከፍ፣ የቴፑን ዝቅ ያድርጉ። ቀጥሎ በቴፑ ባላንስ ድምፁን ከሾፌሩ በር ወደ ቀኙ ያዛውሩት። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። ማይኩ ከስፒከር ትይዩ ከሆነ ግን ማስተካከያው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቦታውን ይለውጡ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከመተማ ሰሊጥ የምጭንበት አይሱዙ 24 ቮልት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ለብሉቱዙ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ስቦ ሊያስርልኝ ነው። ችግር አለው? (ሾፌር፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አለው፤ እንዳያስሩት። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ስለታሰሩ ዲናሞው የሚሞላቸው በአንድ ዓይነት መጠን ነው። አንዱ ብቻ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጠባ የጎደለው ተለይቶ አይሞላለትም፤ እሱ እየደከመ ሲሄድ ሌላው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ውኃውን ያደርቃል። በመጨረሻ ሁለቱንም ይቀይራሉ፤ ማንም በብሉቱዙ አያመካኝም።

ትክክለኛው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቬርተር ነው። ለኪቱ ብቻ 3 አምፔር ይበቃል፤ ባለ 12 ቮልት ቴፕም የሚያስገቡ ከሆነ 10 አምፔር ይግዙ። 10 አምፔር በ12 ቮልት 120 ዋት ነው፤ ከ24ቱ በኩል 5 አምፔር ያህል ስለሚስብ እዚያ ላይ የ7.5 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፣ ፊውዙም ኃይሉ ከሚወሰድበት ቦታ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይራቅ። ኮንቬርተሩን ከምንጣፍ ሥር አይቅበሩት። ከአይከል ወዲያ ቆላው ሲጀምር የአየሩ ሙቀት ራሱ ይበቃዋል፤ ብረት ላይ ታስሮ ንፋስ ያግኝ። ሞተሩ ሲሠራ መስመሩ ወደ 28 ቮልት ስለሚወጣ «12 ቮልት» ብቻ የተጻፈበትን ዕቃ ላይተሩ ላይ መሰካት ማቃጠል ነው፤ «12-24» የሚለውን ይፈልጉ።

የናፍጣ ጋቢና ጫጫታ ስላለው ማይኩን ወደ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ያቅርቡት፣ የስፖንጅ ቆብም ያልብሱት። ሊማሊሞ ላይ ግን በስፒከርም ቢሆን ጥሪው ቢቆይ ይሻላል፤ እጅ ነፃ ቢሆንም ሐሳብ ነፃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በኤፍ ኤም የሚሠራውን ብሉቱዝ ሞክሬ ነበር። የመኪናዬ ሬዲዮ የጃፓን ነው፤ ከ90 በላይ አይሄድም። ወደ ደባርቅ ስሄድ ደግሞ መሐል ላይ ጣቢያ ይገባበታል። (ከዳባት)

መልስ፦ የጃፓኑ ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ነው፤ ማስተላለፊያው ከ87.5 እስከ 108። የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ዝም ያለ ቁጥር ይፈልጉ። አንቴናው ላይ ባንድ ማውረጃ (የጣቢያዎቹን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ለሬዲዮው የሚያቀብል ዕቃ) ከተገጠመ ሬዲዮው የሚያሳየው ቁጥር ይለያል፦ ማውረጃው 14 የሚቀንስ ከሆነ ማስተላለፊያው 98 ላይ ሲሆን ሬዲዮውን 84 ላይ ያደርጉታል። ከተማ ውስጥ ባዶ የነበረ ቁጥር ተራራውን ሲያልፉ በሌላ ጣቢያ ሊያዝ ይችላል፤ ማስተላለፊያው ኃይሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ይሸነፋል። ሁለት ቁጥር አስቀድመው ይያዙ። ይህ ዘዴ ለጊዜው ነው፤ ለጥሪ አንመክረውም።

ጥያቄ፦ ዘፈኑ በመኪናው ይሰማል፣ ሲደወልልኝ ግን ድምፁ ወደ ስልኩ ይመለሳል። (ከጎንደር)

መልስ፦ በስልክዎ የብሉቱዝ ገጽ ላይ ከመሣሪያው ስም አጠገብ ያለችውን የማስተካከያ ምልክት ይንኩ፤ «የስልክ ጥሪ» የሚለው ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት። ጭራሽ ከሌለ ሪሲቨሩ የዘፈን ብቻ ነው። ሁለት ሲም የሚጠቀሙ ከሆነም ለመደወል አንዱን ቋሚ አድርገው ይምረጡ፤ አለዚያ በመኪናው ቁልፍ ሲደውሉ ስልኩ «በየትኛው ሲም?» እያለ ኪስዎ ውስጥ ይጠብቅዎታል።