ሽፈራው፣ እምቦጭ፣ እንዶድ፦ ውሃን ስለሚያጸዱ ተክሎች የጠየቃችሁኝ

«ወንዛችን በክረምት ጭቃ ነው። የሽፈራው ፍሬ ያጠራዋል የሚሉት እውነት ነው?» (ከአርባ ምንጭ አካባቢ)

እውነት ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጭቃውን ያያይዘዋል፤ የተያያዘው ይከብድና ይዘቅጣል። የሱዳን እናቶች የአባይን ድፍርስ ውሃ በዚሁ ዘዴ ሲያጠሩ ኖረዋል። የደረቀውን ፍሬ ላጡና ነጩን ውቀጡት። ለአንድ ሊትር በጣም ድፍርስ ውሃ አንድ ፍሬ ገደማ ይበቃል። በጥቂት ውሃ በጥብጣችሁ፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልላችሁ ጨምሩ። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ቀስ እያላችሁ አማስሉት። እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነገር ሲዞር ታያላችሁ። አንድ ሁለት ሰዓት ሳትነኩት ስትቆዩ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ኩልል ይላል።

ግን እባካችሁ፣ ጠራ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም። ጭቃው ብዙ ጀርም ይዞ ይወርዳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ሳታፈሉት ለልጅ አትስጡ። ቶሎ ስለሚበላሽም በዚያው ቀን ተጠቀሙበት።

«እምቦጭ መርዝ ይመጥጣል ይባላል። ታዲያ ከጣና ለምን ይነቀላል?» (ከባሕር ዳር)

መምጠጡን ይመጥጣል፤ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉትን መርዛማ ብረቶች ሳይቀር። በትንሽ ኩሬ፣ በየጊዜው እየታጨደ ከሆነ ይጠቅማል። ጣናን የሚያክል ሐይቅ ላይ ግን ማን አጭዶ ይጨርሰዋል? ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ታየ፣ ጣና ላይ በ2011፤ ያደረሰውን ታውቃላችሁ። ፀሐይና አየር ይከለክላል፣ ዓሣው ይታፈናል፣ ታንኳው መውጫ ያጣል። ሲሞት ደግሞ እዚያው በስብሶ የመጠጠውን መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ይነቀል፤ የተነቀለውም ጎርፍ መልሶ እንዳይወስደው ከዳር ይራቅ። ከእርሻ የሚመጣውን ደለል ለማጣራት ደንገልና ፊላ የሚባሉ የውሃ ዳር ተክሎች አሉልን። ደንገሉ ለእርሻ ሲመነጠር ሳይ አንጀቴ ያርራል።

«በአቃቂ ወንዝ የበቀለ ጎመን በደንብ ቢታጠብስ?» (ከአዲስ አበባ)

ማጠብና ማብሰል ጀርሙን ይቀንሰዋል። በሥሩ የገባውን መርዛማ ብረት ግን አያወጣውም። እምቦጩ የሚመጥጠውን ጎመኑም ይመጥጣል፤ ልዩነቱ ጎመኑን እንበላዋለን። ገበሬውን አልወቅስም፤ ያገኘው ውሃ ያ ነው። የሚወቀሰው ከላይ ቆሻሻ የሚለቅበት ነው።

«እንዶድስ ውሃ ያጸዳል?»

ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ነው፤ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ግርጌ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አይተው። ዓሣንም ስለሚገድል በዘፈቀደ ኩሬ ውስጥ አትጨምሩት።