የጓሮ ደብዳቤዎች፦ «ፐርሰሜሎዬ አልበቅል አለኝ»

ባለፈው እትም ስለ ፐርሰሜሎ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ! ከዚያ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ ስለ ጎመን፣ ስለ ቃሪያና ስለ ጤና አዳም በዓመት ከሚደርሰኝ ይበልጣል። ስለዚህ የዚህ ወር አምድ የእሱ ነው። አስቀድሜ ስሙን ላጥራ፤ ፓርስሊ የምትሉትም ፐርሰሜሎ የምትሉትም አንድ ተክል ነው። ፐርሰሜሎ የሚለው ከጣሊያንኛው «ፕሬዜሞሎ» የመጣ ነው፣ እንደ ፒያሳችን ማለት ነው። ጣሊያን ኅዳር 1934 እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ፓስታውንና ቃላቱን ይዞ አልሄደም።

ወደ ደብዳቤዎቹ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ሦስት ጊዜ ዘራሁ። መጀመሪያ ሲቀር ዘሩ አሮጌ ነው ብዬ ሌላ ገዛሁ። ሁለተኛው ሲቀር ዶሮ ጭራው ነው ብዬ አጠርኩት። አሁን ሦስተኛው ነው፣ ሁለት ሳምንት ሞላው፣ ምንም የለም። ባለቤቴ ‹አፈር ታጠጫለሽ› እያለ ይስቅብኛል።» ከአዘዞ

መልስ፦ ተይው ይሳቅ። ሰላጣው ሲቀርብለት እናየዋለን።

በፊተኞቹ ጊዜያት ስንት ቀን እንደጠበቅሽ አልጻፍሽም። ልገምት? አሥር ቀን፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት። ከዚያ በጣትሽ ጫር ጫር አድርገሽ አይተሽዋል። እኔም ያንኑ ስላደረግኩ ነው የማውቀው። መጀመሪያ የዘራሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ጠብቄ ተስፋ ቆረጥኩና መደቡ ላይ ጎመን ተከልኩበት። ጎመኑ ሥር ሲይዝ መሃል መሃሉ ላይ ቀጫጭን አረም በቀለ። ነቀልኩት። አሁንም በቀለ፣ አሁንም ነቀልኩት። አንድ ቀን እጄን ሳሸተው ነው የገባኝ፤ ለካ ስነቅል የከረምኩት ፐርሰሜሎዬን ነው!

ፐርሰሜሎ ለመብቀል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም አምስት ይደርሳል። ዘሩ ከተክሉ ሲለይ ውስጡ ያለው ፅንስ ገና አልጎለመሰም፣ ልጣጩ ላይ ደግሞ መብቀልን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር አለ። እንግሊዞች ድሮ፣ ይህ ዘር ከመብቀሉ በፊት ዲያብሎስ ዘንድ ዘጠኝ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል ይሉ ነበር አሉ። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ጠበል እንረጨው ነበር። ለማንኛውም ለብ ባለ ውሃ አንድ ሌሊት ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ውሃውን ድፊና ዝሪው። ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ከቀበርሽው አይወጣም።

ዋናው ነገር ግን አፈሩ እንዳይደርቅ ነው። ዘሩ መንቃት ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ክው ብሎ ከደረቀበት አለቀለት፣ እንደገና አይነሳም። በአዘዞ ፀሐይ ደግሞ መድረቅ ቀላል ነው! ስለዚህ መደቡን እርጥብ ጆንያ አልብሺው፣ በየጠዋቱ በጆንያው ላይ ውሃ እርጪ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ገለጥ እያደረግሽ እዪ። አንድ አረንጓዴ ነገር ብቅ ሲል ጆንያውን ወዲያው አንሺ፣ አለዚያ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይወድቃል። ደግሞ ከዘሩ ጋር ጥቂት የፍጅል ዘር ደባልቂ። ፍጅል በጥቂት ቀን ስለሚወጣ መስመሩን ያሳይሻል፣ ባለቤትሽንም ዝም ያሰኝልሻል።

አፈርሽ ዋልካ ከሆነ (አዘዞ አይደለሽ፣ ሳይሆን አይቀርም) ብቻውን አይሆንም። ሲዘንብ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ፐርሰሜሎ ደግሞ ሁለቱንም አይወድም። አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅይበት። ትኩስ ፍግ እንዳይሆን፣ ያቃጥለዋል።

አሮጌ ዘር የጠረጠርሽውም ከንቱ አይደለም። የፐርሰሜሎ ዘር ቶሎ ያረጃል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሱቅ መደርደሪያ ላይ የከረመ ከሆነ ብዙው አይበቅልም። ስትገዢ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቀን እዪ። ጊዜውን በተመለከተ እኔ የምመርጠው መስከረምን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉና በረዶው ያችን ደቃቅ ዘር ጠርጎ ይወስዳታል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ አያስቀምጥም። መስከረም ላይ ግን አፈሩ ገና ክረምቱን አልረሳም።

ዶሮዋን ማጠርሽ ትክክል ነው፣ አጥሩን አታንሺ።

ጥያቄ፦ «ማራኪ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። በረንዳዬ ላይ ከሁለት ጀሪካን በላይ አይቀመጥም። ይሆናል ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ይሆናል እንጂ። ሥሩ እንደ ዘመዱ እንደ ካሮት ወደ ታች ስለሚሄድ ዕቃው ጥልቅ መሆን አለበት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትከሻው ላይ ቁረጥና ታቹን አምስት ስድስት ቦታ ብሳው። እዚያው ዝራ፣ ሌላ ቦታ አብቅለህ አታዛውር፤ ያ ረጅም ሥር ሲነካ ይቀየማል። ሲበቅል ሦስት እግር ብቻ አስቀርና ሌላውን ንቀል፣ ማሳሳት ከባድ ቢሆንም ጨክን። የጠዋት ፀሐይ ያግኝ፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ቢያገኝ ቅር አይለውም። ውሃ ሲጠፋ አትክልትና ሩዝ ያጠብክበትን አጠጣው፣ ሳሙና የነካውን ግን አይሆንም።

ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ መቁረጥ ትጀምራለህ። አቆራረጡ እንደ ጎመን ነው፤ ከውጭ በኩል ያለውን ዘንግ ከሥሩ፣ የመሃሉን ለነገ ትተህ። ከላይ እንደ ፀጉር የሚከረክሙት አሉ፣ የቀረው ግንድ ባዶውን ቆሞ ይደርቃል።

ጥያቄ፦ «ቅዳሜ ገበያ ፐርሰሜሎ ብዬ ገዝቼ ሾርባ ውስጥ ጨመርኩት፣ ልጆቼ ‹ሳሙና ሳሙና ይላል› ብለው አንበላም አሉ። አማቴም ‹እኛ ያለዚህ ቅጠል ነው ያደግነው› አሉኝ። ምን አጠፋሁ?» የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ የገዛሽው የድንብላል ቅጠል ነው። ሻጮቹም አንዳንዴ ሁለቱን አንድ ላይ ያስራሉ፣ ክፋት የለውም፣ ሲያዩት ይመሳሰላል። የድንብላል ቅጠል ለአንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ሳሙና ሳሙና ይለዋል፣ ከቤተሰብም ይወረሳል፣ ልጆችሽ አልዋሹም። የሚለየው በአፍንጫ ነው። አንድ ቅጠል በጥፍርሽ ጨምቂና አሽትቺ፤ የድንብላሉ ሽታ ኃይለኛ ነው፣ ፐርሰሜሎ ግን ገና እንደታጨደ ሣር ቀለል ያለ፣ ትንሽ ቅመም ያለበት ሽታ አለው። በዓይን ከሆነ የድንብላል ቅጠል ጫፉ ክብ ያለ ነው፣ የፐርሰሜሎው ሾል ያለ። ሦስተኛ መሳይም አላቸው፣ ሴለሪ። እሱ ዘንጉ ወፍራምና ቦይ ቦይ ያለው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ከወንዝ ዳርና ከአጥር ሥር «ይሄ ፐርሰሜሎ ይመስላል» ብላችሁ የበቀለ ነገር አትልቀሙ። የዚህ ተክል ዘመዶች ውስጥ ገዳዮች አሉ፤ ሶቅራጥስ የጠጣው መርዝ ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ሾርባሽ። ፐርሰሜሎ መሬት ላይ ዘገምተኛ ነው፣ እሳት ላይ ግን መቆየት አይችልም። ሽታው በሙቀት ይበራል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ የምትጨምሩት ሰዎች፣ ሣር ነው የምትቀቅሉት! ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው የሚበተነው። ዘንጉን ግን አትጣይ፤ እሱ ጠንካራ ስለሆነ በክር አስረሽ ከአጥንቱ ጋር ከመጀመሪያው ትከቺዋለሽ፣ ሲበስል ታወጪዋለሽ።

አማትሽን ለማሸነፍ ከፈለግሽ ግን በሾርባ አይደለም፣ በዓሣ ነው። ከጎርጎራ የመጣ ቆሮሶ ካገኘሽ ጥበሺው። አንድ እፍኝ ፐርሰሜሎ፣ ሁለት ፍንጣሪ ነጭ ሽንኩርትና ፍሬው የወጣ አንድ ቃሪያ በሙቀጫ ውቀጪ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ጨውና ትንሽ ዘይት ጨምሪ፣ ዓሣው ከዘይቱ እንደወጣ ትኩሱ ላይ አፍስሺበት። አማትሽ ያለዚህ ቅጠል ነው ያደግነው ይበሉ እንጂ ሁለተኛ ያስጨምራሉ። ዶሮ ወጥ ላይ የምትበትኑት ግን ተዉ። ዶሮ ወጥ የራሱ መዓዛ አለው፣ ለእንግዳ አይገላመጥም።

ለማቆየት ከሆነ እንደ አበባ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቁሚው። ፍሪጅ ካለሽ ከትፈሽ በዘይት ለውሰሽ በበረዶ መሥሪያው ውስጥ አስቀምጪው። አድርቆ ማስቀመጥ ለበሶብላና ለኮሰረት ነው፤ የደረቀ ፐርሰሜሎ ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም።

ጥያቄ፦ «በጾም ሽሮና ምስር ሰልችቶን የተለየ ነገር ፈልገን ነው የምንጠይቅሽ። በፐርሰሜሎ የሚሠራ አለ?» ሦስት ጓደኛማቾች፣ ከአራዳ

መልስ፦ አለ፣ ያውም በቅንጬ። ሊባኖሶች ታቡሌ የሚሉት ሰላጣ አላቸው፤ እነሱ ተቀቅሎ ከደረቀ በኋላ የተከካ ስንዴ ነው የሚጨምሩት። የእኛ ቅንጬ ጥሬውን የተከካ ስለሆነ መቀቀል አለበት፣ በመዘፍዘፍ ብቻ አይሆንም። አንድ የቡና ስኒ ቅንጬ በጨው ቀቅሉ፣ ለስልሶ ግን ሳይፈርስ ይውረድ፣ አጥልሉትና ትሪ ላይ በትናችሁ አቀዝቅዙት። ሁለት ትልልቅ እስር ፐርሰሜሎ፣ ጥቂት ናና፣ ሁለት ጠንከር ያለ ቲማቲም፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅንጬውን አብዝቶ ቅጠሉን ማሳነስ ነው። ይህ የቅጠል ሰላጣ ነው፣ ስንዴው አጃቢ ነው። ቅጠሉ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ ቢላዋው ስለታም ይሁን፣ ደነዝ ቢላዋ ይጨምቀውና ይጠቁራል። ጥሬውን የሚበላ ስለሆነ የመጨረሻው እጥበት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሁን፣ በተለይ የገበያውን።

ጥያቄ፦ «ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ፣ ደሜ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጄ ስልኳ ላይ አይታ፣ ፐርሰሜሎ ቀቅለህ ውሃውን በየቀኑ ጠጣ፣ ኩላሊት ያጥባል አለችኝ። ልጠጣ?» አንድ አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ አይጠጡ። ልጅዎ በፍቅር ነው ያለችው፣ ግን ለእርስዎ አይሆንም።

ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬ ደምን በማርጋት ሥራው ላይ እንዳያግዝ በመከላከል ነው። ፐርሰሜሎ ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የታጨቀ ነው። 100 ግራም ጥሬ ቅጠል 1,640 ማይክሮ ግራም ገደማ አለው፣ ለአዋቂ ወንድ በቀን የሚመከረው ግን 120፣ ለሴት 90 ነው። የተከተፈ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ የቀኑን ይሞላል። ይህ ማለት ወጥዎ ላይ አልፎ አልፎ የምትበተን ቁንጥር ትገድልዎታለች ማለት አይደለም። ችግሩ ዛሬ አንድ ሳህን፣ ነገ ምንም፣ ከነገ ወዲያ ሁለት ሳህን ሲሆን ነው፤ ያኔ መድኃኒቱ መጠኑ ይዛባል። ጎመንም ያው ነው። አመጋገብዎን ሊቀይሩ ከሆነ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ የደም ምርመራዎንም ቀን አያሳልፉ።

ኩላሊት «ማጠብ» የሚባለውም ወሬ ነው። እንዲያውም ፐርሰሜሎ ኦክሳሌት የሚባል ጠጠር ሊፈጥር የሚችል ንጥረ ነገር አለው፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቢያበዛው አይመከርም። ነፍሰ ጡር እህቶችም፣ ምግብ ላይ ያለው ቅጠል ችግር የለውም፣ ዘሩንና ዘይቱን ግን እንዳትነኩ፤ ማህፀን ያኮማትራል።

ጥያቄ፦ «አንድ ዓመት ያገለገለኝ ፐርሰሜሎ አሁን ቁመቱ ወገቤ ደረሰ፣ አናቱ ላይ አበባ አወጣ፣ ቅጠሉም መረረኝ። ማዳበሪያ ልጨምር?»

መልስ፦ ማዳበሪያ አያድነውም፣ ዕድሜው ነው። ፐርሰሜሎ የሁለት ዓመት ተክል ነው፤ መጀመሪያ ቅጠል፣ ቀጥሎ አበባና ዘር፣ ከዚያ ይሞታል። አዲስ አሁኑኑ ዝሪ። ከአሮጌዎቹ ሁሉንም አትንቀዪ፣ ጠንካራዋን አንዷን ተያት። ዘሩ ቡናማ ሲሆን ጭንቅላቷን ቆርጠሽ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቀሽ ስቀያት፣ ራሱ ይረግፍልሻል። አንድ እግር ለአንቺ የሚበቃሽን ብቻ አይደለም የሚሰጥ፣ ለሰፈርም ይተርፋል። የተረፈሽን በፖስታ አድርገሽ ወደ እኛ ላኪው፣ ለአዘዞዋ እህታችን አደርሳለሁ።