ስፖንጅ አይረን ስትገዛ «ጠቅላላ ብረት» የሚለውን ቁጥር አትመን

«ባለ 5 ቶን ኢንዳክሽን ፈርነስ አለን። እስካሁን ስክራፕ ብቻ ነበር የምናቀልጠው፤ አሁን 40 በመቶውን በስፖንጅ አይረን ልንተካ አስበናል። ምን እንጠንቀቅ?» ላልከው ወንድሜ። መሠረታዊውን ታውቀዋለህና በአንድ መስመር ልለፈው፦ ስፖንጅ አይረን ሳይቀልጥ አብዛኛው ኦክስጅኑ የተወሰደለት የብረት ማዕድን፣ ስክራፕ ቁርጥራጭ ብረት፣ ኢንዳክሽን ፈርነስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቅለጫ፣ ላይኒንግ የማቅለጫው የውስጥ ሽፋን ነው። የምትገዛው በከሰል የተመረተውን፣ ላይኒንግህም ሲሊካ እንደሆነ አድርጌ ነው የምመልስልህ።

1. ሻጭ መጀመሪያ የሚያሳይህ «ጠቅላላ ብረት» የሚለውን ነው። ተወው። እሱ ከኦክስጅን የተላቀቀውም ያልተላቀቀውም ብረት ድምር ነው። አንተን የሚጠቅምህ ከዚያ ውስጥ ስንት በመቶው ተላቋል የሚለው፣ ሜታላይዜሽኑ ነው። አንዱ ጠቅላላ ብረቱ 92%፣ ሜታላይዜሽኑ 82% ይሁን፤ ሌላው 91% እና 92%። በወረቀት የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። በአንድ ቶን ውስጥ ያለው የነጠረ ብረት ግን የመጀመሪያው 754 ኪሎ፣ የሁለተኛው 837 ኪሎ ነው። ሰርተፊኬት ላይ ሜታላይዜሽኑን ሳይጽፉ ማኅተም ብቻ የሚመቱ ሞልተዋል። ካልተጻፈ ዝቅተኛ ነው ብለህ ቁጠረው፤ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ከላይ በደማቁ ይጻፍ ነበር።

2. ካርቦኑን አስላ። ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ደህናውን፣ ሁለተኛውን እንኳ ብትገዛ በየቶኑ 73 ኪሎ ያህል ብረት ገና ኦክሳይድ ነው (ከኦክስጅን አልተላቀቀም)፤ ከነኦክስጅኑ ሲመዘን 94 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ኦክስጅኑን ነጥቆ ብረቱን የሚያላቅቀው ካርቦን ነው፤ ለስድስት ኪሎ ኦክሳይድ አንድ ኪሎ ካርቦን ይሄዳል። ስለዚህ ለ2 ቶን ስፖንጅ 31 ኪሎ ካርቦን ያስፈልግሃል። በከሰል የተመረተው በራሱ የሚይዘው 0.2% ገደማ፣ ማለትም 4 ኪሎ ብቻ ነው። የጎደለውን 27 ኪሎ ካላሟላህ ኦክሳይዱ ስላግ ውስጥ (ከቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፈው ዝቃጭ ውስጥ) ይቀራል። ምንም ካርቦን ባያገኝ በአንድ ማቅለጥ 146 ኪሎ ብረት ከስላግ ጋር ወጥቶ ይጣላል።

የብረቱ ኪሳራ ግን ትንሹ ነው። የብረት ኦክሳይድና ሲሊካ ሲገናኙ ፋያላይት ይፈጥራሉ፤ እሱ በ1,205 ዲግሪ ይቀልጣል፤ አንተ ብረቱን የምታፈሰው ከ1,600 በላይ ነው። ግድግዳው በስላጉ ከፍታ ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት እየተበላ ይሄዳል። ላይኒንግ አቅራቢውን ከመውቀስህ በፊት ስላግህን ላብራቶሪ ላክ። የላይኒንግ ሌኬጅ ማንቂያው (ብረቱ በሽፋኑ በኩል ሊሾልክ ሲል የሚያስጠነቅቀው) ሲጮህ «ሁሌም ይጮሃል» ብሎ የሚያጠፋ ኦፕሬተር ካለህ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ቦታ አንሳው።

ካርቦኑ ሰልፈሩ አነስተኛ የሆነ አንትራሳይት ወይም ካልሳይንድ (በከፍተኛ ሙቀት የተዘጋጀ) የፔትሮሊየም ኮክ ይሁን። ከመጀመሪያው ስክራፕ ጋር ከታች አግባው፤ ስላግ ላይ የተበተነ ካርቦን አየር ላይ ተቃጥሎ ይቀራል። በጋዝ የተመረተ ስፖንጅ ብታገኝ ካርቦኑ ብዙ ጊዜ ከ1.5% ስለሚበልጥ የራሱን ዕዳ ራሱ ይከፍላል። በንጹሕ ሃይድሮጅን የሚመረተው አዲሱ ዓይነት ግን ካርቦን የለውም፤ «አረንጓዴ ብረት» ተብሎ ሲቀርብልህ ይህን ሂሳብ ከዜሮ ጀምር።

3. አጨማመሩ። በባዶ ፈርነስ አትጀምር። ስክራፑ ቀልጦ ደህና ኩሬ ከሠራ በኋላ፣ ስፖንጁን መሀል ላይ በቀጭኑና ሳታቋርጥ አፍስስ፤ መሀሉ ላይ ብረቱ ስለሚጎብጥ ስላጉ ወደ ዳር ይሸሻል። አንዴ በባልዲ ከጫንክበት ከላይ ቅርፊት ይሠራል፣ ከሥር ጋዙ ይታመቃል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ካርቦንና ኦክሳይድ ሲገናኙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነውና መምጠጫው ይሥራ። ኦክስጅኑን ከኦክሳይዱ ለማላቀቅ ብቻ በቶን ስፖንጅ 55 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ስላጉን የሚያቀልጠው ደግሞ በዚህ ላይ ይታከላል። «ስክራፕ ከተወደደ ስፖንጅ ያዋጣል» የሚሉህ ይህን አይቆጥሩም።

4. የቀሩት ፎስፎረስና ውሃ ናቸው። በሲሊካ ላይኒንግ ፎስፎረስ ማውጣት አትችልም፤ የገባው ሁሉ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ስክራፑ 0.03%፣ ስፖንጁ 0.07% ቢኖረው ድብልቁ 0.046% ነው፤ ካስገባኸው 100 ኪሎ የሚወጣልህ ብረት 90 ኪሎ ብቻ ከሆነ ደግሞ 0.051% ይደርሳል። የደንበኛህ ገደብ 0.05 ከሆነ ሙሉው ቢሌት (አፍስሰህ የምትሸጠው የብረት ግንድ) ይመለሳል። በአንጻሩ ስክራፕ ውስጥ ያለውን መዳብ በማቅለጥ ማስወጣት ስለማይቻል እሱን የሚያቀጥንልህ ስፖንጅ ነው፤ እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባዋል።

ውሃውን በተመለከተ፦ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ይዝጋል፣ ይሞቃል፣ ሃይድሮጅንም ይለቃል። በጣሪያ ሥር፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ዝቅ ባለ ክምር አስቀምጥ። ክምሩ ከጋለ ውሃ አታፍስስበት፤ በሎደር ቆርሰህ በስሱ አሰጣው። የረጠበውን ፈርነስ ውስጥ መክተት ሰው ይገድላል። ሲራገፍ ደግሞ ከየመኪናው ናሙና ወስደህ ማግኔት አሳልፍበት፤ የማይያዘው ጥቁር ነገር የተቃጠለ ከሰል ነው፣ ሰልፈር ይዞ ይመጣል፣ አንተም በብረት ዋጋ እየገዛኸው ነው።

በ40 አትጀምር። በ10 በመቶ ጀምር፤ ስላግ ውስጥ የቀረውን የብረት ኦክሳይድና የላይኒንጉን ውፍረት እየለካህ ከፍ አድርገው።