የወተት ፕሮቲን ምርምር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የወተትን ዋና ፕሮቲን ኬዚንን ለመለየት አሲድ ስጨምር አንዳንዴ የላመ ዝቃጭ፣ አንዳንዴ ሙጫ የመሰለ ጓል ይወጣል። ለምን?

መልስ፦ አሲዱን ስለምትቸኩልበት ነው። መጀመሪያ ስቡን በሴንትሪፉዥ አውጣ። ከዚያ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እያማሰልክ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ጠብ አድርግ፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) 4.6 ሲደርስ አቁም። 30 ደቂቃ ቆይተህ እንደገና ለካ፤ ከሚሴሉ (ኬዚኑ ተሰብስቦ ከሚሠራው ጥቃቅን እንክብል) የሚሟሟው ካልሲየም ፎስፌት አሲዱን ስለሚጠጣ ንባቡ ወደ ላይ ይመለሳል። አሲዱ አንድ ቦታ ላይ ከተከማቸ እዚያ ያለው ኬዚን ባንዴ ይጓጉልና ላክቶዝና አጓት በውስጡ ቆልፎ ያስቀራል። ከ4.6 ብዙ ከወረድክ ኬዚኑ ተመልሶ ይሟሟል። ወተቱ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ፒኤቹ ደርሶም አይረጋም። ዝቃጩን እጠብ፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 7 ላይ አሟሟው፣ እንደገና አዝቅጥ። አንድ ዙር አይበቃም።

ለሁላችሁም፦ የወተቱን ታሪክ መዝግቡ። መቼ ታለበ፣ በስንት ዲግሪ ቆየ፣ በስንት ዲግሪ ለስንት ደቂቃ ሞቀ፣ ፒኤቹ ስንት ነበር። ይህ ካልተጻፈ ውጤታችሁ አይደገምም።

ጥያቄ፦ የታሸገ ዩኤችቲ (በጣም ከፍተኛ ሙቀት ያለፈበት) ወተት ብጠቀምስ?

መልስ፦ ለመለማመጃ ካልሆነ አይሆንም። በዚያ ሙቀት የአጓት ፕሮቲኑ መዋቅሩ ስለተፈታ በፒኤች 4.6 ከኬዚኑ ጋር አብሮ ይዘቅጣል። ብዙ ኬዚን ያገኘህ ይመስልሃል፤ ግን ድብልቅ ነው።

ጥያቄ፦ ለጡንቻ የሚሻለው ኬዚን ነው አጓት?

መልስ፦ የስፖርት አመጋገብ ባለሙያ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ፕሮቲን በኬልዳል (ናሙናውን በሰልፈሪክ አሲድ አፍልቶ ናይትሮጅኑን በሚለካው ዘዴ) ለካሁ። ወደ ፕሮቲን ለመቀየር ናይትሮጅኑን በ6.25 ላባዛ?

መልስ፦ ለወተት 6.38 ነው። ከናይትሮጅኑ 5 በመቶ ገደማ ከዩሪያና ከመሰሎቹ የሚመጣ ስለሆነ፣ ፕሮቲኑን በ12 በመቶ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ አዝቅጪ፣ በማጣሪያው የወረደውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ለክተሽ ቀንሺ።

አባል ሀ፦ ኬልዳል እኮ ጊዜው አልፎበታል። ናሙናውን አቃጥሎ ናይትሮጅኑን የሚለካው የዱማስ ዘዴ በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ የፈላ ሰልፈሪክ አሲድም የለበትም።

አባል ለ፦ ዱማስ የሚያቃጥለው ናሙና በጣም ትንሽ ነው። ስቡ ከተንሳፈፈ ቁጥሩ ይዛባል።

አባል ሀ፦ ወተቱን 40 ዲግሪ አሙቆ ቀስ ብሎ እየገለበጡ መደባለቅ ነው። መሣሪያው ምን አጠፋ?

አባል ለ፦ ናይትሬትንስ አብሮ አይቆጥርም?

መልስ፦ ሁለቱም የሚቆጥሩት ናይትሮጅን ነው፤ ፕሮቲን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ሜላሚን የተባለ ናይትሮጅን የበዛበት ኬሚካል ወተት ውስጥ የተገኘው ይህን ቀዳዳ ተጠቅመው ስለጨመሩት ነው። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ወተት ሲሞቅ ፒኤች ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዋናው የአጓት ፕሮቲን ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይፈታል፤ ውስጡ ተሸሽጎ የነበረው ነፃ የሰልፈር ክንድ ይወጣና በሚሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ካፓ-ኬዚን የተባለ የኬዚን ዓይነት ይይዛል። ፒኤቹ 6.5 ከሆነ አብዛኛው ጥምረት ሚሴሉ ላይ ይለጠፋል። 6.9 ከሆነ ግን ካፓ-ኬዚኑን ይዞ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ያው ወተት፣ ያው ሙቀት፣ ያው ደቂቃ፤ ሆኖም የተለያየ እርጎ ይሰጣል። ስለዚህ ፒኤቹን ከማሞቅ በፊት፣ በክፍል ሙቀት ለኩ፤ ወተት ሲሞቅ ፒኤቹ ራሱ ይወርዳልና። ቴርሞሜትሩ በቱቦው መሐል ይሁን። ደቂቃ መቁጠር የሚጀመረው ቱቦው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይደለም፤ ወተቱ የታሰበው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። ሲያበቃ ወዲያው በረዶ ውስጥ ክተቱ።

ጥያቄ፦ የዱቄት ወተትስ?

መልስ፦ ስለ ታሸገ ወተት ያልኩት እዚህም ይሠራል፤ ታሪኩን እወቁ። በዝቅተኛ ሙቀት የተሠራውን ምረጡ፤ በአንድ ግራም ዱቄት ያልተፈታ የአጓት ፕሮቲን ናይትሮጅን 6 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ያለውን። ከተበጠበጠ በኋላ ሌሊቱን ይደር።

ጥያቄ፦ ናሙናዬ በማግስቱ ይኮመጥጣል። ምን ልጨምር?

መልስ፦ 0.02 በመቶ ሶዲየም አዛይድ። መርዝ ነው። አዛይድ የገባበት ወተት ላይ አሲድ አትጨምሩ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የመዳብ ወይም የእርሳስ ቧንቧ ባለው ማጠቢያም አትድፉ፤ ሊፈነዳ የሚችል ጨው ይሠራል።

ጥያቄ፦ ለዶክትሬት ምን ርዕስ ልምረጥ?

መልስ፦ የላቦራቶሪህ መሣሪያ የሚመልሰውን።

ጥያቄ፦ ወተቴ በሬኔት (ለአይብ ወተት በሚያረጋው ኢንዛይም) አልረጋም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ወተት? በስንት ዲግሪ የሞቀ? ፒኤቹስ? ስንቴ ልበል!

ጠያቂው፦ ይቅርታ ዶክተር። ጥሬ ወተት ነው፤ 90 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ሞቋል፣ ፒኤች 6.7።

መልስ፦ አሁን መልስ አለው። የሬኔቱ ኢንዛይም ካይሞሲን ካፓ-ኬዚንን በ105ኛውና በ106ኛው አሚኖ አሲድ መካከል መቁረጡ አይቀርም፤ ነገር ግን ሚሴሉን የሸፈነው ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ሚሴሎቹ እንዳይያያዙ ያግዳል። በሊትር 0.2 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ጨምረህ ፒኤቹን ወደ 6.4 አውርድ፤ ይረጋል፣ ግን ልል ይሆናል። የሚቀጥለውን 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ብቻ አሙቀው።